አዝማቹን እኔ ነኝ ያልኩ ዕለት

ድምፅ ማጉያው ሲጠፋ የሁለተኛው አንጓ መሃል ላይ ነበርኩ። መብራት የሄደ መስሎኝ ያለ ማይክ ቀጠልኩ። ሰዉ እኔን ማየቱን ትቶ ወደ በሩ ሲዞር ነው ነገሩ የገባኝ። ያም ሆኖ አላቆምኩም። ቤት የሚመታውን ቃል ብዬ ጨረስኩና ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ፖሊስ ፊቴ ሲደርስ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ነበር የጠበቅኩት።

ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ከአስር ሶላት በኋላ። ቦታው ከሰይሃት ወጣ ብሎ ለሠርግና ለግብዣ የሚከራይ ግቢ ነው። የወሎ ልጆች በአንድ ጓደኛችን ኒካህ ምክንያት ተሰብስበን ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ግጥም እንዳሰማ ተለምኜ እሺ አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው የሚያውቀው ድምፄን ብቻ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በየመን በኩል ሳዑዲ ገብቼ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። የምሠራው በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ፣ አንድ የመስታወት መጋዘን ውስጥ ነው፤ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። ከሥራ ስመለስ ስምንት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልኬ ላይ እቀዳለሁ። ብርድ ልብሱ የኤሲውን ጩኸት ይከላከልልኛል። አንዱ የክፍሌ ልጅ ምቱን በስልኩ ይሠራል፣ እኔ በላዩ ግጥሜን እደረድራለሁ። ራፕ ነው የምለው፤ አንዳንዴ ግን ምቱን አጥፍቼ ዝም ብዬ አነበንበዋለሁ። በመንዙማ ድቤ ያደግሁ ሰው ነኝና ቃልን ምት ላይ ማስቀመጥ ከብዶኝ አያውቅም። ጥሩ እንደሆንኩ አውቅ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

ሥራዎቼ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞሩ ነበር። አንደኛው ግን ከሁሉም ርቆ ሄደ። ከአሠሪዎቿ ቤት ስለወጣች ሴት ነው። እዚያ አገር ሠራተኛ ከካፊሏ፣ ማለትም ካስመጣት አሠሪ ቤት ስትወጣ ካፊሉ «ሁሩብ» ብሎ ያስመዘግባታል፤ ጠፍታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የትም ብትያዝ ጥፋተኛ ናት። ግጥሙ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፦

ፓስፖርቴን ከዘጉበት ከዚያ መሳቢያ፣
ስሜም አብሮ ቀረ፣ የለኝም መጠሪያ።

አዝማቹ ደግሞ ይህ ነው፦

ጠፋች አትበሉኝ፣ አልጠፋሁም እኔ፤
ስሜን ልፈልግ ነው የወጣሁ፣ ወገኔ።

አዝማቹን ያዜመችው ሴት ናት። አይቻት አላውቅም ነበር። ኾባር ትሠራበት ከነበረው ቤት ወጥታ፣ ደማም ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደብቃ ትኖር ነበር። ግጥሙን ጽፌ ላክሁላት፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቀድታ በድምፅ መልእክት መለሰችልኝ። የሷን ድምፅ የሰማ ሰው የእኔን ይረሳዋል። ይህን ስል አይከፋኝም።

በዚያ ዓርብ ስልኬ ግድግዳው ሥር ቻርጅ ላይ ነበር። ማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አላውቅም። ፖሊሶቹ ግን አላገኙትም።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው። ኤሲው ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ውጭው እሳት፣ ውስጡ በረዶ። ክሎርና እርጥብ ምንጣፍ ይሸታል። ሠላሳ ያህል ሰው በሁለት ረድፍ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ የመናውያን፣ ባንግላዴሾች፣ የሚበዙት ግን የእኛ ልጆች ናቸው። የሁሉም እግር መሃል ላይ ይገናኛል። እግር ሳልረግጥ የማልፍበት ቦታ ሳጣ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሰብስበው አጠገባቸው ያለውን ክፍት ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉልኝ። የወሎ ሰው ናቸው። ከከተማ ውጭ በግ ሲጠብቁ ኖረው፣ ለሕክምና ሲወጡ ያለ ኢቃማ ተይዘዋል። ሁሉም «አያ» ይላቸዋል።

«ዘፋኙ አንተ ነህ?» አሉኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ገጣሚ ነኝ፣ አያ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ዘፋኝ ድምፅ ያስፈልገዋል።»

ሳቁ። «እኔ አገሬ መንዙማ አወጣ ነበር። ድምፅም ቃልም ይፈልጋል። በል ተቀመጥ።»

በማግሥቱ ልጆቹ ለመኑኝና ጭብጨባ ሳናበዛ ሁለት ሥራ አሰማኋቸው። አያ እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ስጨርስ፣ «ቃሉ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ምን ያስሮጥሃል? ማን እያባረረህ ነው?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ከግብዣው አብረውኝ የተያዙትን በኹሩጅ ሊሸኟቸው፣ ማለትም ወደ አገር ሊመልሷቸው ለዩአቸው። የእኔ ፋይል ብቻ ለብቻው ቀረ። ረፋድ ላይ ጠሩኝ።

መርማሪው ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ሽቶው ከኮሪደሩ ጀምሮ ይቀበላል። ከጎኑ አንድ ሐበሻ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ነጭ ቶብ ለብሷል፣ የመነጽሩ አንድ ጎን በፕላስተር ተጠግኗል። አስተርጓሚው ነው። ሰላም አላለኝም።

መርማሪው የራሱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ዘፈኑን ከፈተው። የራሴን ድምፅ በዚያ ክፍል ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ። አዝማቹ ሲመጣ ግን አስተርጓሚው ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ድምፁ ያንተ ነው?» አለኝ መርማሪው።

«የእኔ ነው።»

«የቤት ሠራተኞች እንዲጠፉ ትቀሰቅሳለህ ተብለህ ተከሰሃል። አንድ ካፊል ነው ያመለከተው።» ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። «ቃል በቃል ንገረኝ።»

አስተርጓሚው ዘፈኑን አስደግሞ ሰማ። በእስክሪብቶ ጻፈ። ከዚያ በጥሩ አረብኛ፣ ከእኔ እጅግ በሚሻል አረብኛ ማንበብ ጀመረ። «ደብዳቤዬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ስሜንም ረሳው…» እያለ ይሄዳል። ሪሳላ፣ ደብዳቤ። እኔ የምጠብቀው ጀዋዝ የሚለውን ቃል ነው፣ ፓስፖርት። አልመጣም። ካፊሉ ወዳጅ ሆነ፤ ቤቱ ልብ ሆነ። ሴትየዋ ከቤት አልወጣችም፤ ከፍቅረኛዋ ነው የተለየችው።

መርማሪው እስክሪብቶውን ጣለ። «የፍቅር ዘፈን ነው?»

«የፍቅር ዘፈን ነው» አለ አስተርጓሚው። ዓይኑን አላነሳም።

መርማሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሳቀ። ለዚህ ነው ሦስት ቀን የያዛችሁልኝ፣ ከሌሎቹ ጋር ይሂድ፣ ዓይነት ነገር አለ። ፋይሉን ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

ልናገር ብዬ አልወሰንኩም። አፌ ቀደመኝ።

«ሪሳላ አይደለም» አልኩ በአረብኛ። «ጀዋዝ ነው።»

የመርማሪው እጅ ፋይሉ ላይ ቆመ። አስተርጓሚው መነጽሩን አወለቀ፤ በቶቡ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት በቃል ላስቀምጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ቁጣ አልነበረም።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለው መርማሪው።

«ቅጂው ጥራት የለውም» አለ አስተርጓሚው በዝግታ። «ቃሉ አልተሰማኝ ይሆናል።»

መርማሪው ለተወሰነ ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው አንተ ንገረኝ።»

ነገርኩት። በአራት ዓመት የመጋዘን አረብኛዬ፣ መስመር በመስመር። ፓስፖርቱን ፓስፖርት፣ መሳቢያውን መሳቢያ፣ ማዳሟን ማዳም አልኩ። ቃል ሲጎድለኝ በእጄ አሳየሁ። ደስ አለኝ ብል አልዋሽም። አራት ዓመት ሙሉ እዚያ አገር ሰው ዓይኔን እያየ ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ መርማሪው አልተቆጣም። አንድ ነገር ጽፎ ካበቃ በኋላ ጠየቀኝ።

«ሴትየዋ ማን ናት?»

የሠራሁት ሥራ የገባኝ ያኔ ነው። የፍቅር ዘፈን ሆኖ ቢቀር ኖሮ ስለ ሴትየዋ የሚጠይቅ አልነበረም። ለአንድ ቃል ብዬ አሳልፌ ልሰጣት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ሴትየዋ እኔ ነኝ። ድምፄን አቅጥኜ ነው።»

መርማሪው ወደ አስተርጓሚው ተመለከተ። ሰውዬው እኔን ለመርዳት ምንም ምክንያት አልነበረውም። ካዋረድኩት ሩብ ሰዓት አልሞላም።

«በአገራችን ወንድ በሴት ድምፅ ያዜማል» አለ፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «የተለመደ ነው።»

እኔ ሰምቼው አላውቅም።

«መልካም» አለ መርማሪው። «ከአስር ሶላት በኋላ አለቃዬ ይመጣል። እሱ ፊት አዝማቹን በሴት ድምፅ ትለዋለህ። ካልቻልክ የሷን ስም ትሰጠኛለህ።»

ወደ ክፍሌ ስመለስ የቀረኝ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ለአያ ነገርኳቸው፤ ስለ አስተርጓሚውም ሳይቀር።

«ሰውዬው ሲያድንህ አንተ ሰዋስው አረምክለት» አሉ።

«አዎ፣ አያ።»

«መልካም። እሱ ሆኗል፣ ኸላስ። አሁን ልጅቷን እንይ። አዝማቹን በልልኝ።»

አልኩት። ድምፄ ተሰነጠቀ። አንድ ሰው ሳቀ፤ አያ በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

«ጉሮሮህን ምን አድርጎህ ነው የምታስጨንቀው? ጉሮሮህን ተወው። ከዚህ ነው የሚወጣው» ብለው ሁለት ጣታቸውን በዓይኖቼ መሃል ግንባሬ ላይ አደረጉ። «አፍህን ከድነህ መጀመሪያ ዝም ብለህ አጉምጉም። ንብ ሁን። ግንባርህ ሲንቀጠቀጥ ያኔ ክፈተው።»

ንብ ሆንኩ። እሳቸውም አብረውኝ ንብ ሆኑ። ከዚያ ራሳቸው አዝማቹን አሉት። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ጺማም ሰው ናቸው፤ የወጣው ድምፅ ግን ቀጭን፣ ንጹሕና የማይንቀጠቀጥ ነበር። ዘፈን አይወዱም፤ ዘፈን አፋቸው ገብቶ እንደማያውቅም ነግረውኛል። ለዚያች ለማያውቋት ልጅ ሲሉ አሉት።

«እንደሷ ልሁን አትበል» አሉኝ። «እንደሷ አትሆንም። ሴት ብቻ ሁን። እህት አለችህ?»

«ሁለት።»

«ከማዶ ሆና ስትጠራህ እንዴት ነው የምትጠራህ? ስትጣራ ትሳባለች አይደል? ስበው። እባክህ አትሩጥ።»

አንድ የመናዊ ነገሩን ሲረዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዳኛ ሆነልን። እኔ አዝማቹን እላለሁ፤ እሱ ሳይዞር ይፈርዳል። «ረጁል» ይላል። ወንድ። እንደገና እላለሁ። «ረጁል።» ባንግላዴሾቹም አንድ በአንድ ፊታቸውን አዙረው ከዳኛው ጎን ተሰለፉ። ምሳ መጣ፤ ሩዙን ትቼ ውሃ ብቻ ጠጣሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላስታውስም። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ «የወጣሁ» የሚለው ቃል ላይ ድምፄ ሁልጊዜ ይወድቃል። አያ እዚያ ቦታ ሲደርስ ትንፋሽ እንድሰርቅ፣ ከቃሉ በፊት ሳይሆን ከቃሉ መሃል እንድሰርቅ አሳዩኝ። ለዙሁር አዛን ሲባል ሁሉም ሰገደ፤ ሰግደን ጨርሰን እንደገና ጀመርን። አስር ሊደርስ ሲል አንድ ጊዜ እንዳልኩት የመናዊው ዝም አለ። ከዚያ ሳይዞር፣ «ኡኽቲ» አለ። እህቴ።

አያ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ቢስቁብህ አትቁም» አሉኝ። «መንዙማ የሚያወጣ ሰው መሃል ላይ አይቆምም።»

አለቃው ወፍራምና የደከመው ሰው ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። መርማሪው፣ ሁለት ወታደሮችና አስተርጓሚው ቆመዋል። መርማሪው ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። አለቃው ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ያኔ ክብደቴ ሰማንያ ኪሎ ነው፣ ትከሻዬ የመስታወት ተሸካሚ ትከሻ ነው። ገና አፌን ሳልከፍት ሳቀ።

«ያለ ሒጃብ ሴት አይደለችም» አለ አንዱ ወታደር። የራሱን ሻርፕ አውጥቶ ራሴ ላይ ጣለብኝ። ሁሉም ሳቁ። ሌላኛው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

ሻርፑን አላወረድኩትም። ላብና ሽቶ ይሸታል። ጫፉን ከዓይኔ ላይ ብቻ ገለል አደረግሁት። ከዚያ አፌን ከድኜ አጉመጎምኩ፤ ግንባሬ ሲንቀጠቀጥ ከፈትኩት።

መጀመሪያውን መስመር ስል እየሳቁ ነበር። ሁለተኛውንም ስል እየሳቁ ነበር። ጸጥ አላሉም። አንዱ ወታደር ዓይኑን እየጠረገ ግድግዳ ተደገፈ። እኔ ግን አልቆምኩም። «የወጣሁ» ላይ ትንፋሼን ሰርቄ አለፍኩት። አለቃው በጣቱ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ሦስተኛም አሰኘኝ። ሦስተኛው ከሁሉም ጥሩው ነበር፤ ይህን የምለው እንደ ባለሙያ ነው።

መርማሪው ስልኩን አውጥቶ የተቀዳውን ከፈተ፣ ሊያመሳክር። የሷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። የሰማ ሁሉ ልዩነቱን ማወቅ ነበረበት። አለቃው ግን እጁን አወዛወዘ።

«አጥፋው» አለ እየሳቀ። «እሱ ነው፣ እሱ ነው። የእሱን ኹሩጅ ጨርሱና አውጡልኝ። ማፊ ሙሽኪላ።» ችግር የለም ማለቱ ነው።

መርማሪው ያመነኝ አይመስለኝም። ግን አለቃ ከሳቀ በኋላ ፋይል መልሶ መክፈት ይከብዳል።

ሻርፑን ከራሴ ላይ አወረድኩት። በአራት አጥፌ ለባለቤቱ ወታደር በሁለት እጄ ሰጠሁት። መሳቁን ተወ። «ሹክራን» ብሎ አመሰገነኝ፤ ሳያስበው ይመስለኛል።

በኮሪደሩ ወደ ክፍሌ ስመለስ አስተርጓሚው ከኋላዬ ደረሰብኝ። ጠባቂው ጥቂት እርምጃ ቀድሞናል። ሰውዬው በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ ተናገረኝ።

«ደብዳቤ ያልኩት ቃሉን ሳላውቀው መስሎህ ነው?»

«አሁን ገብቶኛል፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ። በሚቀጥለው በር ገባ።

ከሳምንት በኋላ አሻራዬን ሰጥቼ፣ ተመልሼ ላልገባ ፈርሜ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። አያ ቀድመውኝ ሄደው ነበር። አሁን ደሴ ነው የምኖረው። ግጥም አሁንም ሥራዬ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሳይሆን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚያዳምጥበት ቦታ። ልጅቷ ከእኔ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይታ፣ በራሷ ፈቃድ አገሯ ገባች። ሐይቅ ከተማ ትኖራለች፤ ልብስ ትሰፋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገናኝ ታሪኩን ነገርኳት፤ አዝማቹንም እንድልላት አስገደደችኝ። ሰምታ ስትጨርስ፣ «በዚህ ነው ያመኑህ?» አለችኝ። አንዳንዴ መድረክ ላይ አብረን እንሠራለን።

ስለ ሻርፑና ስለ የመናዊው ዳኛ መድረክ ላይ ስናገር ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔም መሳቃቸውን እወዳለሁ። ስለ አስተርጓሚው ግን መድረክ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ከእኔ በኋላ ከዚያ ሥራ ተነሣ ብለው የነገሩኝ አሉ፤ በራሱ ጊዜ ለቆ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ የሚሉም አሉ። ደማም የቀሩትን ልጆች ደጋግሜ ጠይቄአለሁ፤ እርግጡን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ግጥሙን አልቀየርኩትም፤ ዛሬም ፓስፖርት ነው የሚለው። ሰውዬውን አንድ ቀን ባገኘው ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ልጆቹ ነው።